እትዬ አመለወርቅ ውክልናቸውን የሻሩ ለት

ላውጋችሁ? አውጋን በሉ። ቁጭ ብላችሁ ነው ወይስ ቆማችሁ? ቆመን ለምደናል በሉ። ደግ፤ እንግዲያው ቆማችሁ ስሙ።

አውራ ጎዳና ለሁለት ሰንጥቋት በሚያልፍ አንዲት ከተማ እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ ወይዘሮ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤትና አምሃ የሚባል የወንድማቸው ልጅ ነበር። ቤቱ ክረምት ክረምት ያፈስሳል። አምሃ ግን አንዴ የያዘውን ጠብ አያደርግም።

እንዲህ ሆነ። እትዬ አመለወርቅ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ለቀዶ ጥገና ወደ ትልቁ ከተማ ሊሄዱ ተነሡ። የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ነበረባቸው፤ ቆጣሪው ውሃ ሳይመጣም ይቆጥራል። እሳቸው እስኪመለሱ ሰልፍ የሚቆምላቸው ሰው ፈለጉና ለአምሃ ውክልና ሊሰጡ ወደ ውል ማዋዋያ ቢሮ ሄዱ። ከቢሮው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር።

«እማማ፣ ለውሃ ቆጣሪ ብቻ ነው?» አላቸው።

«ለውሃ ቆጣሪ ብቻ።»

«ነገ ለመብራት ሊመላለሱ? ከነገ ወዲያ ለሌላው? ዋጋው እንደሆነ አንድ ነው። ወረቀቱም ቦታ አለው፤ ሁሉንም ላግባው?»

እትዬ አመለወርቅ ቆጣቢ ሴት ናቸው። ዋጋው አንድ ከሆነ ግማሽ ወረቀት ባዶውን ማስቀረት ነውር መሰላቸው። «አግባው» አሉት።

እሱም አገባው። እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲያስይዝ፣ እንዲያፈርስ፣ እንዲያስገነባ። የውሃ ቆጣሪው ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ ተጣቦ ገባ።

ዓይናቸው በራላቸው፤ ተመስገን ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የበራው ዓይን መጀመሪያ ያየው ግን ሜትር ዘርግቶ የቤታቸውን ግድግዳ የሚለካ የማያውቁትን ሰው ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ልብስ ልትሰፋለት ነው?» አሉት።

«ገዢው ነኝ» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ አምሃ ሙዝ አንጠልጥሎ ሊጠይቃቸው መጣ።

«አምሃ፣ ቤቴን ሸጥከው እንዴ?»

«ገና ነው እቴቴ። ጾሙ ሳይገባ ነው የምንፈራረመው። አንቺ ምን አስጨነቀሽ? እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤ ነፋሱ ብቻ ያጠግባል።»

«ነፋስ በልቼ አላውቅም። በዚህ ጉልበቴ አራተኛ ፎቅ ከወጣሁ የምወርደው በቃሬዛ ነው።»

«ክፉ አታውሪ!»

«ያንን ወረቀት መልስልኝ።»

«የትኛውን?»

«የቆጣሪውን።»

አምሃ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንድ ሰው ለሌላው እንዲያስብ በማህተም ከተፈቀደለት በኋላ፣ ያ ሌላው በገዛ ራሱ ሲያስብ ሲያየው ሥራውን የነጠቁት ይመስለዋል። «እቴቴ፣ ውክልና እኮ እንደ ተዋሱት ወንፊት ዝም ብሎ አይመለስም። ያጸደቀው ቢሮ ይሻረው። ቢሮው ሽሬዋለሁ ካለኝ ያኔውኑ እመልስልሻለሁ» አለ፤ ሙዙንም አስቀምጦ ሄደ።

እትዬ አመለወርቅ የፈለጉት አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረቀታቸውን። አምሃ ግን ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ የእትዬ አመለወርቅም ጉልበት ይቆረጥማል።

በማግስቱ ውል ማዋዋያ ቢሮ ገቡ። የኃላፊው የአቶ ይልቃል ኮት ከወንበሩ ላይ ተሰቅሎ በሥራ ላይ ነበር። ኮቱ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፣ ባለጉዳይም ተቆጥቶ አያውቅም። እትዬ አመለወርቅ ከኮቱ ጋር ሲተያዩ ረፈደ። በኋላ ባለቤቱ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ መጡ።

«አቶ ይልቃል፣ አቶ ይልቃል፣ ውክልናዬን ይሻሩልኝ። አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

«መሻር መብትዎ ነው እማማ» አሉ አቶ ይልቃል። መብት የሚለውን ቃል ሲናገሩ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «መታወቂያዎን እስቲ።»

ሰጧቸው።

«ይሄ ጊዜው አልፎበታል።»

«እኔም አልፎብኛል። ግን ያው ነኝ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። መታወቂያው ያልታደሰ ሰው ማንነቱ አይታወቅም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ውክልና መሻር አይችልም።»

«የማን የሌላ ሰው? የኔ ነው እኮ!»

«እሱን ነው ያላወቅነው» አሉ አቶ ይልቃል፤ አዘኑላቸውም። የሚያዝኑ ሰው ናቸው። ጠጋ ብለውም በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «አንድ መላ ልምከርዎ። የወኪልዎ መታወቂያ የታደሰ ነው አይደል? ወኪልዎ ይምጡና፣ በእርስዎ ስም ሆነው፣ የራሳቸውን ውክልና ይሻሩ።»

እትዬ አመለወርቅ ይህን መላ እስከ በሩ ድረስ አሰቡበት። ከበሩ ሲወጡ ተዉት።

አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ የእትዬ አመለወርቅም ጉልበት ይቆረጥማል።

ወደ ቀበሌ ሄዱ። መታወቂያ የምታድሰው ወይዘሪት መቅደላዊት የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ከእትዬ አመለወርቅ ጓሮ ሸንኮራ እየሰረቀች ነው ያደገችው። ስታያቸው ከመስኮቱ ወጥታ አገላብጣ ሳመቻቸው።

«እትዬ አሚዬ! ዓይንዎ በራ? እሰይ! እሰይ! እኔንስ ለዩኝ?»

«በመጋረጃም ለይቼሻለሁ፣ እንኳን ዛሬ። መቅደላ፣ መቅደላ፣ መታወቂያዬን አድሺልኝ። አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

መቅደላዊት ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። ፋይል አገላበጠች፤ ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ በዚህ ቤት የሚፈርመው ተወካይ አቶ አምሃ ነው ይላል። ባለቤቷ በሕይወት ስለመኖሯ ግን ምንም አይልም።»

«ልጄ፣ አሁን ሳምሽኝ እኮ!»

«እኔማ አየሁዎት። ፋይሉ ነው ያላየዎት።»

«እንግዲያው ወዲህ አምጪውና ይየኝ።»

«ይቀልዳሉ! የእድርዎ ዳኛ ማህተም የመቱበት ደብዳቤ ያምጡልኝ። በሕይወት አለች፣ በዚህ ሰፈር ትኖራለች የሚል። ያን ጊዜ ዓይኔን ሳላሽ አድስልዎታለሁ።»

መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ የእትዬ አመለወርቅም ጉልበት ይቆረጥማል።

የእድሩ ዳኛ ሻምበል ጌጡ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ፈታተው፣ መልሰው መግጠም አቅቷቸው ተቀምጠው ነበር። እንግዳ ሲመጣላቸው ደስ አላቸው።

«ሻምበል፣ ሻምበል፣ ማህተም ይምቱልኝ። መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

«ደብዳቤ ነው? በአንዴ!» አሉ ሻምበል። ደብዳቤ መጻፍ ይወዳሉ። መነጽራቸውን ሰክተው፣ ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ወይዘሮ በሕይወት መኖራቸውን በአክብሮት እየገለጽን ብለው፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ቀጥ ያሉ ፊደሎች ደረደሩ። እትዬ አመለወርቅ በሕይወት መኖራቸውን እንዲህ ባማረ ጽሕፈት አይተውት አያውቁም ነበርና ትንሽ ተጽናኑ።

«ማህተሙስ?»

ሻምበል መነጽራቸውን አወለቁ። «ማህተም የለኝም።»

«ዳኛው እርስዎ አይደሉ?»

«ነኝ። የቀድሞው ዳኛ ማህተሙን በኪሱ ይዞት ሲዞር ለአማቹ የሥራ ልምድ፣ ለበጉ የጤና ምስክር መትቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው፣ ማህተሙ ከብረት ድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይደር ብሎ ወሰነ። ቁልፉ እመት ድንቅነሽ ዘንድ ነው።»

«ታዲያ እንዲከፍቱ ይዘዟቸዋ።»

ሻምበል ወደ ፈታቱት ሬዲዮ አቀረቀሩ። «ጦር ሜዳ አዝዣለሁ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ። እመት ድንቅነሽን ግን አላዝዝም።»

ሻምበል ማህተም አልመታም አሉ፤ መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ የእትዬ አመለወርቅም ጉልበት ይቆረጥማል።

እትዬ አመለወርቅ መንገድ ላይ ቆም ብለው ጉልበታቸውን አሹ። ወደ ቤት ልመለስና ልተኛ አሉ በልባቸው። ግን ያ ሰውዬ አልጋቸው ያለበትንም ግድግዳ ለክቶት ነበርና እንቅልፉ የሚመጣ አልመሰላቸውም። ወደ እመት ድንቅነሽ ቤት አዘገሙ።

እመት ድንቅነሽ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በመቀነታቸው ታስሯል፤ ሲተኙም አይፈቱትም ይባላል። እግር ሲሰሙ ቀና ሳይሉ፣

«ማን ሞተ?» አሉ። ሰላምታቸው ነው።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ቁጭ በይ።»

«እመት ድንቅነሽ፣ እመት ድንቅነሽ፣ ዕቃ ቤቱን ክፈቺልኝ። ሻምበል ማህተም አልመታም አሉ፤ መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

«ያ ቀማኛ!» አሉ እመት ድንቅነሽ፤ ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥተው ልክ አምሃን እንደሚወረውሩ ወረወሩት። «ሲወለድም ጡጫውን ጨብጦ ነው የወጣ፤ እዚያው ነበርኩ። አንጀቴን በላሽው። ግን አልከፍትልሽም።»

«ምነው እህቴ?»

«የእድር ዕቃ ቤት የሚከፈተው ለሞት ነው። ያለ ሞት ከተከፈተ ሞትን ይጠራል። አንድ ጊዜ ለሰርግ ድስት ስጪን ብለው ጨቀጨቁኝና ከፈትኩ። ሙሽራው በሳምንቱ ወደቀ።»

«ሞተ?»

«ከሞተር ብስክሌት ነው የወደቀ። ደህና ነው። ሞቱ ግን መጥቶ ነበር፤ ስቶት ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ዱባለን ጥሩምባ በዚህ በጆሮዬ ካልሰማሁ አልከፍትም፤ መልአክ ቢያንኳኳም አልከፍትም።»

እመት ድንቅነሽ ዕቃ ቤት አልከፍትም አሉ፤ ሻምበል ማህተም አልመታም አሉ፤ መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ የእትዬ አመለወርቅም ጉልበት ከመቆርጠም አልፎ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጋሽ ዱባለ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየነፉ የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ከመስቀል ወዲህ ግን በሰፈሩ ሰው አልሞተም፤ አዲስ የተከፈተውን ጤና ጣቢያ አይወዱትም። ከግንቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጥሩምባቸውን በአመድ ይወለውላሉ። እትዬ አመለወርቅ ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። ለመነሣት የሚሆን አቅም እንዳልቀራቸው ሁለቱም አወቁ።

«ጋሽ ዱባለ፣ ጋሽ ዱባለ፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ። እመት ድንቅነሽ ዕቃ ቤት አልከፍትም አለች፤ ሻምበል ማህተም አልመታም አሉ፤ መቅደላዊት መታወቂያ አላድስም አለች፤ አቶ ይልቃል ውክልና አልሽርም አሉ፤ አምሃ ወረቀት አልመልስም አለ፤ ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

«እነፋለሁ። ለዚሁ ነው የተፈጠርኩት» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ማን ሞተ ልበል?»

እትዬ አመለወርቅ መንገዱን ወደ ፊት አዩት። ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት ሰው አልነበረም። ከጥሩምባ ነፊ ቀጥሎ ያለው መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነው።

«እኔን በሉ» አሉ።

ጋሽ ዱባለ ወደ ላይ ወደ ታች አዩዋቸው። «አልሞቱም እኮ።»

«ማን መሰከረ? ቀበሌ አያውቀኝም። ውል ቢሮ አያውቀኝም። በስሜ የሚፈርመው ሌላ፣ በስሜ የሚሸጠው ሌላ። አለሽ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እስቲ በማህተም ይበሉኝና ልሂድ።»

«ማህተም የለኝም።»

«እንግዲያው ይንፉ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ዱባለ። ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው። «ከሟች ቤት ሰው መጥቶ ያርዳ ይላል ደንባችን።»

«ከዚያው ቤት ነው የመጣሁት። ሌላ የሚኖርበት ሰው የለም።»

ጋሽ ዱባለ ዓይናቸውን ጨፍነው የእድሩን ደንብ ከዳር እስከ ዳር በልባቸው ሄዱበት። ስለ ድንኳን ካስማ አለ፤ በድንኳን ውስጥ ቁማር ስለሚጫወቱ አለ፤ ድስት ሳያጥቡ ስለሚመልሱ አለ። ሟች ራሱ መጥቶ አያርዳ የሚል ግን የለም። ማንም አላሰበውም።

«የኔ ሥራ መንፋት ነው» አሉ በመጨረሻ ተነሥተው። «መመርመር የሐኪም ነው።»

ጉንጫቸውን ነፉ። ጥሩምባው ጮኸ። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የእድራችን አባል ወይዘሮ አመለወርቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል!» ከመስቀል ወዲህ የታመቀ ትንፋሽ ነውና ከአውራ ጎዳናው ማዶ ድረስ ተሰማ።

ጥሩምባው ሲነፋ እመት ድንቅነሽ ምስራቸውን ደፍተው ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ድንኳኑ ወጣ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ብረት ድስቱ ወጣ፤ ከብረት ድስቱ ውስጥም ማህተሙ ወጣ። ሻምበል ጌጡ ጥቁር ክራባታቸውን አስረው መጡ። መቅደላዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የሳመችውን ፊት እያሰበች፣ እያነባች መጣች። አቶ ይልቃልም የዚሁ እድር አባል ናቸውና ኮታቸውን ሥራ ላይ ትተው መጡ።

እትዬ አመለወርቅ ቀስ እያሉ ሲደርሱ ድንኳናቸው በደጃቸው ተተክሎ አገኙት። ገቡ። ደክሟቸዋልና ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያዩዋቸው እመት ድንቅነሽ ናቸው። ጮኹ፤ አማተቡ፤ ከዚያ ተቆጡ።

«አንቺ ሴትዮ! ሞተሽ የለም እንዴ?»

«እኔም እሱን ላጣራ ነው የመጣሁ።»

«ዕቃ ቤቴን በባዶ አስከፈትሽኝ! አሁን ሞት ቢመጣስ?»

«ሰውማ ሞልቷል፤ ይምረጥ» አሉ እትዬ አመለወርቅ።

ድንኳኑ ተንጫጫ። የሳቀ አለ፣ የተሳደበ አለ፣ ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት ያለ አለ። ሻምበል እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አስባሉ። ማህተሙ በእጃቸው ነው፤ ያን ያማረ ደብዳቤም ከኪሳቸው አወጡት። ነገር ግን ፊታቸው ጨለመ።

«ችግር አለ» አሉ። «ደብዳቤው በሕይወት አለች ይላል። ጥሩምባው ሞታለች ብሏል። እድራችን ደግሞ ከተመሠረተ ጀምሮ ጥሩምባው ተሳስቶ አያውቅም። ከቤተ ዘመድ አንድ ሰው ቆሞ ጥሩምባውን ካላስተባበለ፣ እኔ በጥሩምባ ላይ ማህተም አልመታም።»

ጋሽ ዱባለ ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ። እትዬ አመለወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያላቸው ዘመድ አምሃ፤ አምሃ ደግሞ ያው አምሃ።

አምሃም መጣ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። «እቴቴ! እናቴ! ሳልቀብርሽ! ሳልደርስልሽ!» እያለ ከድንኳኑ በር ላይ ወደቀ። ያ ልቅሶ ከልቡ ነበር፤ ይህንን ሳንናገር ብናልፍ ኃጢአት ይሆንብናል። እትዬ አመለወርቅም ሲሰሙት አለሁ ልጄ ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ይልቃል ግን ቀደሟቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ በሐዘን ላይ እንኳን ሕግ ያስረዳሉ። አምሃን ደግፈው አነሡት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ» አሉት። «ወረቀቱን ነገ ይዘህልኝ ና። ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል።»

የአምሃ እንባ ጉንጩ ላይ እንዳለ ቆመ። «ቤቱስ?»

«ለወራሾች ነዋ። እህት ወንድም የለህም?»

አምሃ እህትም ወንድምም ነበሩት፤ ከነባሎቻቸው፣ ከነሚስቶቻቸው። ያን ጊዜ ቀና ሲል ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ እቴቴን አያት።

«አልሞተችም!» ብሎ ጮኸ። «ይቻት! ቁጭ ብላለች!»

«ጥሩምባው ሞታለች ብሏል» አሉ ጋሽ ዱባለ።

«ጥሩምባህን ቀዳዳ ያድርገው! እዩዋት እንጂ! ትተነፍሳለች!»

«ማን ናት?» አሉ ሻምበል፤ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«አመለወርቅ ናታ! የአባቴ እህት!»

«የት ነው የምትኖረው?»

«እዚሁ! በዚህ ቤት! ከሆስፒታል በቀር ከዚህ ቤት ወጥታ አድራ የማታውቅ!»

«በቀዶ ጥገናው ማደንዘዣ ዞሮባት ይሆናል። አእምሮዋስ?»

«ከኔ የተሟላ ነው!» አለ አምሃ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮም እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «የቆመ ይመስክርብኝ! በሕይወት አለች፣ ራሷ ናት፣ በዚህ ቤት ትኖራለች፣ የምትለውንም ታውቃለች!»

«ደግመህ በል፤ ቀስ ብለህ» አሉ ሻምበል። «እየጻፍኩ ነው።»

አምሃ ደገመው። ሲደግመው፣ ከመሐል ላይ ሲደርስ፣ የሚናገረው ነገር ለጆሮው ደረሰ። ግን ምላሱ ቀድሞት ጨርሶታል። ሻምበል ደብዳቤውን ከተገለበጠው ብረት ድስት ላይ ዘርግተው ማህተሙን መቱት፤ ድስቱ እንደ ደወል ጮኸ።

እትዬ አመለወርቅ ተነሡ። ሲነሡ ድንኳኑ አብሮ ተነሣ፤ ምክንያቱም የእድር ደንብ ነው፣ ባለ ሐዘኗ ወደምትሄድበት ሁሉ አልቃሽ ይከተላል። ለቀስተኛው በሙሉ ከኋላቸው ተሰልፎ ወደ ቀበሌ ተመመ፤ ከፊት ጥሩምባ፣ ከኋላ ነጠላ። ከቀበሌ ወደ ውል ቢሮ። ሲስተም የለም ሊል የነበረ አንድ ሰው ሕዝቡን በመስኮት አይቶ ሲስተሙን አስነሣው። ቀብርን ነገ ተመለስ የሚል ቢሮ በዚያች ከተማ ገና አልተከፈተም።

እናም ጥሩምባው ተነፍቷልና እመት ድንቅነሽ ዕቃ ቤት ከፈቱ፤ ዕቃ ቤት ተከፍቷልና ሻምበል ማህተም መቱ፤ ማህተም ተመትቷልና መቅደላዊት መታወቂያ አደሰች፤ መታወቂያ ታድሷልና አቶ ይልቃል ውክልናውን ሻሩ፤ ውክልናው ተሽሯልና አምሃ ከደረት ኪሱ፣ አራት ጊዜ የታጠፈውን፣ ላብ የጠጣውን ወረቀት አውጥቶ ለእቴቴ መለሰ። ቤቱም አልተሸጠም። ጉልበታቸው ግን እንደቆረጠመ ነው፤ እሱን የሚሽር ቢሮ አልተገኘም።

እድሩ ያን ዕለት ተሰብስቦ ፈረደ። ያለ ሞት ድንኳን ያስተከለች፣ ድንኳኗን ራሷ ትንቀል፣ ድስቱንም ራሷ ታስገባ ተባለ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተበተነ። እትዬ አመለወርቅ ከአንዱ ካስማ ጋር ሲታገሉ፣ በአንድ እግር ጫማ የቆመው አምሃ ትንሽ አይቷቸው መጥቶ ካስማውን ከእጃቸው ተቀበለ። ነቀለው። ሌላውንም ነቀለ። ሸራው በላያቸው ላይ ቀስ ብሎ ተኛ።

«አዋረድሽኝ እኮ እቴቴ» አለ ሳያያቸው።

«ደክሞኛል ልጄ።»

«ከእንግዲህ እንግዲህ… ልምጣ ወይስ ልቅር?»

እትዬ አመለወርቅ ካስማውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ና» አሉት። «ሳትወከል ና።»

ወሬዬ እዚህ ላይ ተሻረች። የሰማችኋት ሁሉ፣ ከእንግዲህ ወኪሎቿ እናንተ ናችሁ፤ ብቻ አትሽጧት።